ከሲራራ ወደ ተሳቢ፤ የጎጃም መንገድና የነጂዎቹ ትምህርት

የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ነገሥታት ዘመቻ፥ ስለ አድባራት መተከልና ስለ አዋጆች መውጣት ብዙ ጽፈውልናል። መንገድ የተቀደደበት ዘመንና ድልድይ የተመረቀበት ቀንም ቢሆን ከመዛግብት አይጠፋም። ነገር ግን መንገዱ ከተቀደደ በኋላ እህሉን፥ ጨውን፥ ብረቱንና ማዳበሪያውን ጭኖ በዚያ መንገድ ላይ ሲመላለስ ዕድሜውን የሚጨርሰው ሰው ሙያውን ከማን ተማረ? እንዴትስ ተማረ? ብለን ብንጠይቅ መልሱ የሚገኘው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሰው አፍ ነው። ከሰው አፍ የሚገኝ ዕውቀት ደግሞ ባለቤቱ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። እኛም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣነው ስለዚሁ ነው።

ወደዚህ አሳብ ያደረሰን አንድ ትንሽ ነገር ነው። በቡሬ ከተማ፥ ከአንድ የእህል መጋዘን ፊት ለፊት ቆመን ሳለን፥ መንጃ ፈቃዱን ከተቀበለ ብዙ ያልቆየ አንድ ወጣት ነጂ በቆሎ ሊጭን መጥቶ ተሳቢውን በጠባቡ በር ወደ ኋላ ለማስገባት ሲታገል አየን። ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስት ጊዜም ተሳቢው ወደ ጎን እየተጣጠፈ ከአጥሩ ጋር ሊጋጭ ደረሰ። ረዳቱ ይጮኻል፤ ተሸካሚዎቹ ይሥቃሉ፤ ልጁም ላቡ በፊቱ ይወርዳል። በዚያን ጊዜ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ከተቀመጡበት ተነሥተው ወደ ጋቢናው ቀረቡና «ልጄ፥ መኪናውን መመለስ ተወው፤ አንተ ተሳቢውን መልስ፤ መኪናው ይከተለዋል» አሉት። ልጁም «እሺ ጋሼ» ብሎ ዐይኑን ከመኪናው አፍንጫ ላይ አንሥቶ በመስተዋት ውስጥ በተሳቢው ጫፍ ላይ ተከለ። እኒያ ሰው በእጃቸው እያመለከቱት ቀስ ብሎ አስገባው። ሽማግሌው የቀድሞ ሹፌር እንደ ነበሩ ከዚያ በኋላ ሰማን። በአንድ ዐረፍተ ነገር የተናገሩት ነገር ግን የብዙ ሰዎችና የብዙ ዓመታት ዕውቀት ነበረ። ይህ ዕውቀት ወደ ቡሬ የደረሰበትን መንገድ ወደ ኋላ ተመልሰን እንመልከት።

ጎጃም በሦስት ወገን በዐባይ የተከበበ አገር ስለ ሆነ ዕቃን ወደ ውጭ ማውጣትና ወደ ውስጥ ማስገባት ሁልጊዜ ብልኀት የሚጠይቅ ሥራ ነበረ። ከሞተር በፊት ይህን ሥራ የሚሠራው ሲራራ ነጋዴ ነው። ከሰሜን አሞሌ ጨው፥ ከዐባይ ማዶ ቡና፥ ዝባድና ወርቅ እየመጣ በባሶና በቡሬ ገበያዎች ይገናኝ ነበር። የሲራራ ጉዞ እንዲሁ ያለ ሥርዓት የሚደረግ አልነበረም። ጭነቱ ከሁለት ወገን መመዛዘን አለበት፤ የሚመራው እንስሳ መንገድ የሚያውቅ መሆን አለበት፤ ከኋላ የሚነዳውም ሰው የፊተኛውን እርምጃ ጠባቂ ነው። ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ወደ አንገት እንዳይወርድ ጭራው ሥር ይታሰራል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት በደረት በኩል ይጠብቃል። እንግዲህ ተሳቢ የሚያስከትል ሹፌር ሊያስብበት ከሚገባው ነገር አብዛኛውን፥ ማለት የጭነትን ሚዛን፥ የቁልቁለትን ግፊትና የኋለኛውን ከፊተኛው ጋር ማስማማትን፥ የጎጃም አጋሰስ ነጂ ስሙን ሳያውቀው ያውቀው ነበር ለማለት ይቻላል።

በሞተር የሚሄድ ነገር ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ መንገድ ዳማጭ በአዲስ አበባ ሕዝብ ዘንድ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ስሙ ቀርቷል። የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎችም በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። የጂቡቲው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. ከዋና ከተማው ደረሰ። ነገር ግን ይህ ሁሉ የምሥራቁንና የመካከሉን አገር የሚመለከት ነበር እንጂ የዐባይን ገደል ተሻግሮ ጎጃም አልገባም። በዚያን ጊዜ የቡሬ ገበሬ በርበሬውን የሚልከው አባቱ ይልክበት በነበረው በአህያና በበቅሎ ነበር።

የጭነት ካሚዮን በብዛት ወደ ጎጃም የገባው በጠላት ወረራ ዘመን ነው። የፋሺስት ኢጣልያ ሠራዊት በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ከያዘ በኋላ አርበኞችን ለመውጋትና ስንቅ ለማድረስ መንገድ ያስፈልገው ስለ ነበር ከዐባይ ወደ ደብረ ማርቆስ፥ ከዚያም በደምበጫና በቡሬ በኩል ወደ ጣና መኪና የሚሄድበትን መንገድ አስወጣ። በዚያም መንገድ ላይ ፊያት 634 የተባለው በናፍታ የሚሠራ ከባድ ካሚዮን ይመላለስ ነበር። ይህ ካሚዮን በኢጣልያ አገር መሠራት የጀመረው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1931 ነው፤ የኛ ሰዎችም ከቍጥሩ መጨረሻ ወስደው «ትሬንታ ኳትሮ» አሉት። ኢጣልያኖች ከካሚዮን ኋላ ተሳቢ አስከትለው መሄድን የለመዱ ነበሩ፤ ካሚዮኑን ከተሳቢው ጋር በአንድነት «አውቶትሬኖ» ይሉታል፤ ትርጓሜው በአውራ ጎዳና የሚሄድ ባቡር እንደ ማለት ነው።

የመኪናን ሥራ ለኢትዮጵያዊ በትምህርት ቤት አስቀምጦ ያስተማረ ወራሪ አልነበረም። ጎማ የሚቀይር፥ ናፍታ የሚቀዳ፥ ዳገት ላይ ታኮ የሚያስገባ ጉልበት ግን ይፈለግ ነበር፤ ለዚህም የአገሩ ወጣት ይወሰድ ነበር። እርሱም እየሠራ ዐየ፤ እያየ ሰማ፤ የሰማውንም ቃል በአማርኛ አፍ አስተካክሎ ያዘው። ዛሬ በአገራችን ሁሉ ሹፌር የሚናገራቸውን ቃላት ብንመረምር የትምህርቱን ምንጭ ያሳዩናል። ማርሽ፥ ፍሬን፥ ፍሪሲዮን፥ ጎማ፥ ጋቢና፥ ባሌስትራ፥ ኩሽኔታ፥ ካንዴላ፥ ፍሬቻ፥ ማኖቬላ፥ ክሪክ፥ ታኮ፥ ናፍታ፥ እነዚህ ሁሉ ከኢጣልያንኛ የተወሰዱ ናቸው። ሆኖም «ነጂ»፥ «መሪ»፥ «ረዳት» እና «ተሳቢ» የሚሉት የራሳችን ቃላት መሆናቸውን ልብ ይሏል። የብረቱ ስም ከውጭ መጣ፤ የሰውየውና የሥራው ስም ግን ከቤት ወጣ።

በ1933 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ ላይ የተደረገው ነገር ሊረሳ አይገባውም። ጥር 12 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ድንበር ከገቡ በኋላ በእንግሊዛዊው መኰንን በዊንጌት የሚመራውና «የጌዴዎን ኃይል» የተባለው ጦር ከጎጃም አርበኞች ጋር ተባብሮ ወደ ቡሬ ገሠገሠ። የጠላት ጦር የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ በማንኩሳና በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሸ። መጋቢት 28 ቀንም ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። በዚያ ዘመቻ የሸሺው ወገን ካሚዮንና ብረት ለበስ ነበረው፤ አሳዳጁ ግን ስንቁን የጫነው ከሱዳን ባመጣቸው በሺህ በሚቈጠሩ ግመሎች ነበር፤ ግመሎቹም የደጋውን ብርድና ዳገት ሳይችሉ በየመንገዱ አለቁ። ዛሬ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሹፌር ተሳቢውን እያስከተለ የሚያልፈው በዚሁ ሥፍራ ላይ ነው።

ከነጻነት በኋላ ከጦርነቱ የተረፉት ካሚዮኖች በነጋዴዎች እጅ ገቡ፤ በአገራችን የቀሩት ኢጣልያውያን መካኒኮችም ጋራዥ እየከፈቱ ይሠሩ ጀመር። በ1934 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ተግባረ እድ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች የመጀመሪያዋ ሆና ከዓለም ባንክ ብድር ስትቀበል ከገንዘቡ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ ሥራ ተመደበ፤ በዚሁ ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተመሠረተ። ስለዚህም መሐንዲሱ ትምህርት ቤት አገኘ፤ መካኒኩም አገኘ። ተሳቢ የሚያስከትለው ሹፌር ግን ትምህርት ቤቱ መንገዱ ብቻ ሆኖ ቀረ።

በዚያ ትምህርት ቤት ማዕረጉ የታወቀ ነበር። ልጁ ከሁሉ አስቀድሞ ዕቃ ጠባቂ ሆኖ በጭነቱ ላይ ይተኛል። ከዚያ በኋላ ጎማ መፍታትና ማሰር፥ ቅባት መቀባት፥ ገመድና ሸራ መወጠር ይማራል። ዳገት ላይ ከመኪናው ወርዶ ታኮ ይዞ በተሳቢው የኋላ ጎማ አጠገብ መሮጥም የእርሱ ድርሻ ነው፤ ሞተሩ ቢደክምና መኪናው ወደ ኋላ ቢል የሁሉም ሕይወት በዚያ በእጁ ባለው እንጨት ላይ ነው። ታኮ ያጣ ረዳት ድንጋይ ያስገባል፤ ግን ደግ ሹፌር ከሆነ ረዳቱን «ያስገባኸውን ድንጋይ ሳታነሣ አትሳፈር» ይለዋል፤ በሌሊት ለሚመጣው ለሌላው መኪና ሞት እንዳይሆን። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው መሪ የሚያስጨብጡት፤ እርሱንም ባዶ ሜዳ ላይ፥ ባዶ መኪና ይዞ ነው። ተሳቢ ማስከተል የትምህርቱ መጨረሻ ነበር። መንጃ ፈቃድ በደረጃ ይሰጥ በነበረበት ዘመንም ከፍተኛው «አምስተኛ» የተባለው ነበር፤ «አምስተኛ አለው» ሲባል የሰውየው ክብር በሠፈሩ ሁሉ ይታወቅ ነበር።

አሁን ወደ ጥበቡ እንግባ፤ አንባቢ የሹፌርን ድካም መገመት የሚችለው ይህን ሲያውቅ ነውና። ሙሉ ተሳቢ ማለት ከፊትም ከኋላም የራሱ እግር ያለው ነው። ከመኪናው ጋር በአንድ ረጅም ብረት ይያያዛል። ስለዚህ መታጠፊያው ሁለት ነው፤ አንደኛው ብረቱ ከመኪናው መንጠቆ ጋር በሚገናኝበት ላይ፥ ሁለተኛው ከተሳቢው የፊት እግር በላይ በሚዞረው ክብ ላይ። ነጠላ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ መሪው ወደ ቀኝ ቢዞር ጀርባው ወደ ቀኝ ይሄዳል። አንድ መታጠፊያ ብቻ ባለው በግማሽ ተሳቢ ዘንድ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የተሳቢውን ጀርባ ወደ ቀኝ ለመላክ መሪው አስቀድሞ ወደ ግራ መዞር አለበት። በሙሉ ተሳቢ ዘንድ የተገለበጠው ዳግመኛ ይገለበጣል፤ የተሳቢው ጀርባ እንደ ነጠላው መኪና ወደ ዞረበት ይሄዳል፤ ነገር ግን በመካከሉ ያለው ብረት ወደ ተቃራኒው ስለሚሸሽ፥ ነጂው ቶሎ ቶሎ እያረመ ካልያዘው በጥቂት እርምጃ ውስጥ ተጣጥፎ ይቈማል። ሽማግሌው «ተሳቢውን መልስ» ያሉበት ምሥጢር ይህ ነው። መሪውን የሚያዞር እጅ መኪናውን ሳይሆን ከሁሉ በኋላ ያለውን ማሰብ አለበት፤ ጥቂት ማዞር፥ ጥቂት መጠበቅ፥ ከተበላሸም ሳያፍሩ ወደ ፊት ወጥቶ አቃንቶ እንደገና መጀመር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። ረዳቱም በመኪናውና በተሳቢው መካከል ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ የሚቈመው ነጂው በመስተዋት በሚያየው ጎን ነው፤ ከመስተዋቱ ከተሰወረ ነጂው መቆም አለበት።

ወደ ፊት በሚኬድበት ጊዜም ተሳቢው የመኪናውን ፈለግ በትክክል አይከተልም፤ በጠመዝማዛ ላይ ወደ ውስጥ ይቈርጣል። መኪናው ያለፈውን የድልድይ ጠርዝ ተሳቢው ሊገጨው ይችላል። ስለዚህ ነጂው ወደ ውጭ ሰፋ አድርጎ ይይዛል፤ ግን ወደ ውጭ ሲሰፋ ከገደሉ ጫፍ ይቀርባል። የኢጣልያ ከባድ ካሚዮኖች መሪያቸው በቀኝ የሆነው ነጂው በተራራ መንገድ የገደሉን ጫፍ በዐይኑ እንዲያየው ታስቦ ነበር። በአገራችን ከነጻነት በኋላ መኪና በግራ ይሄድ ስለ ነበር ይህ ጥቅም ጠፋ፤ በ1956 ዓ.ም. ሕጉ ተለውጦ ጉዞው ወደ ቀኝ በተዛወረ ጊዜ ግን ተመለሰ። በዚያን ዘመን በመንገዳችን ላይ የነገሠው ሹፌሮች «ኤንትሬ» ያሉት የፊያት 682 ዘር መሪው በቀኝ ስለ ነበር ነጂው ገደሉን ራሱ ያየዋል፤ ለመቅደም ሲፈልግ ግን በግራ የተቀመጠውን ረዳቱን «ባዶ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። የሁለት ሰው ሕይወት፥ ከፊት የሚመጣውም ሰው ሕይወት፥ በአንድ ረዳት ቃል ላይ ያርፍ ነበር ማለት ነው።

የትምህርቱ ሁሉ ፈተና ግን የዐባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከደጋው እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያም ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። በቁልቁለት ላይ ተሳቢ የሚጎተት መሆኑ ይቀርና የሚገፋ ይሆናል። ነጂው መኪናውን ብቻ ቢይዝና የተሳቢው ፍሬን ቢዘገይ ተሳቢው ወደ ጎን ወጥቶ መኪናውን ይጥለዋል። ፍሬኑን ያለ ዕረፍት የሚረግጥ እንደ ሆነ ብረቱ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ኃይሉ ይደክማል፤ በአየር የሚሠራውም በብዙ መርገጥ አየሩ ያልቃል። በዚህ ጊዜ የሚወጣውን ሽታ ያወቀ ሹፌር ዕድሜ ያገኛል። ስለዚህ አስተማሪዎቹ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይሉ ነበር፤ ማርሹም የሚያዘው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው። በቀድሞዎቹ ካሚዮኖች ማርሽ ለመለወጥ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ መርገጥና የሞተሩን ድምፅ በጆሮ መለካት ያስፈልግ ስለ ነበር በቁልቁለት መካከል ማርሽ ያመለጠው ሰው መልሶ ላያገኘው ይችላል፤ ካላገኘውም ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ከዚህም የተነሣ ጎሐ ጽዮን ወይም ደጀን ላይ ቆሞ መንጠቆውን፥ የአየሩን ቧንቧ፥ ጎማውንና ጭነቱን ሳይመረምር የሚወርድ ነጂ በባልንጀሮቹ ዘንድ እንደ ሰነፍ ይቈጠር ነበር።

ዘመኑ ሲለዋወጥ መንገዱም ተለወጠ። በገደሉ ሥር የነበረውን ባለ ቅስት አሮጌ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ተካው። የባሕር በሩ መንገድ ከአሰብ ወደ ጂቡቲ ከዞረ ወዲህም የጎጃም ተሳቢ ከክረምት በፊት ማዳበሪያ ይዞ ይገባል፤ ከመኸር በኋላ በቆሎ፥ ጤፍና በርበሬ ይዞ ይወጣል። ከዱሮዎቹ ይልቅ ኃይለኛ ሞተር ያላቸው፥ ከነተሳቢያቸው እስከ 400 ኩንታል የሚጭኑ መኪናዎች መጡ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ አዋጅ ቁጥር 600፥ በኋላም በ2010 ዓ.ም. የተተካበት አዋጅ ቁጥር 1074፥ ነጂ ሁሉ በታወቀ ማሠልጠኛ ገብቶ በቃልም በተግባርም እንዲማር አስገደደ።

እዚህ ላይ ፍርዳችን የተመዛዘነ ሊሆን ይገባዋል። የዱሮውን የረዳትነት ትምህርት አመስግነን ብቻ ብንተወው እውነቱን ግማሽ እንናገራለን። ብዙ ልጅ ደመወዝ ሳያገኝ ዓመታትን አሳልፏል፤ በጥፊ እየተመታ የተማረ አለ፤ ታኮ ይዞ ሲሮጥ ከጎማ ሥር የቀረም አለ። ጌታው ያወቀውን ስሕተት እንደ ዕውቀት አድርጎ የወረሰ ተማሪም ጥቂት አይደለም። ሕጉ ትምህርቱን ከአንድ ሰው ፈቃድ አውጥቶ ለሁሉ እኩል ማድረጉ መልካም ነው። ነገር ግን በማሠልጠኛ ሜዳ ላይ በጥቂት ሳምንት የሚሰጠው ትምህርት አንድ ነገር ይጎድለዋል። የጋለ ፍሬን ሽታ በሰሌዳ ላይ አይጻፍም፤ የ400 ኩንታል ግፊትም በባዶ መኪና አይታወቅም። ዱሮ ተማሪው ጥቂት ፊደል ይዞ ብዙ መንገድ ያየ ነበር፤ ዛሬ ብዙ ፊደል ይዞ ጥቂት መንገድ አይቶ መሪ ይጨብጣል። ሁለቱን ማገናኘት የሚቻል ይመስለናል። አዲስ ነጂ ፈቃድ ካገኘ በኋላ ተሳቢ ከማስከተሉ በፊት በልምድ በተፈተነ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ዐባይን ጥቂት ጊዜ ወርዶ ቢወጣ፥ የሚጠፋው ቀን ከሚተርፈው ነፍስ ጋር ሲመዛዘን ምንም አይደለም።

ሁለተኛው ሥራ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ነው። በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬ፥ በደምበጫና በደጀን ትሬንታ ኳትሮና ኤንትሬ ሲነዱ የኖሩ፥ ወይም ከነዱት አፍ የተማሩ ሽማግሌዎች አሉ። ቃላቸው በአማርኛ ቢጻፍ፥ የቃላቱም ትርጓሜ ቢሰበሰብ፥ ለማሠልጠኛው መማሪያ፥ ለቋንቋው ሀብት፥ ለታሪክም ምስክር ይሆናል። የአንድ አውራጃ ታሪክ የመኳንንቱ ብቻ አይደለምና፤ ጨው ያመጣለትና እህሉን ያወጣለት ሰው ታሪክም ነው።

ያ ወጣት ነጂ ተሳቢውን ካስገባ በኋላ ከጋቢናው ወርዶ ለሽማግሌው እጅ ነሣ፤ እርሳቸውም ወደ ተቀመጡበት ተመለሱ። ስማቸውን አልጠየቀም፤ ያስተማሩትን ግን ይዞ ሄደ። መኪናው ተጭኖ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲያቀና ተሳቢው በሩን ሲታጠፍ ጠርዙን ሳይነካ ማለፉን አይተን እኛም መንገዳችንን ቀጠልን።